ምጣዱንና መጽሐፉን ማን አለያያቸው?

በዚህ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሁለት ሕዝቦች ይኖራሉ። አንደኛው «ናቹራል» ይባላል፤ ሁለተኛው «ሶሻል»። ሁለቱም ከአንድ ድስት የወጣ ሽሮ ይበላሉ፤ በአንድ ቧንቧ ይታጠባሉ፤ ዝናብ ሲጥል በአንድ በረንዳ ይጠለላሉ። ይሁን እንጂ አንደኛው ሁለተኛው የሚማረውን አያውቅም፤ ለማወቅም አይሻም። ናቹራሉ ሶሻሉን «ወሬ ሸምዳጅ» ይለዋል፤ ሶሻሉም በበኩሉ ናቹራሉን «ቁጥር ቆጣሪ» ብሎ ይመልስለታል። ነገሩ በሳቅ ያልፋል። እኛ ግን ይህ ልማድ የሚያስቅ ሳይሆን የሚያሳፍር፥ ከማሳፈርም አልፎ አገርን የሚጎዳ ነው እንላለን። ይህን ጽሑፍ እንድናወጣ ያስገደደንም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ይህ አጥር ከየት መጣ? ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን፥ ዓለምን በቅጡ ሳናውቃት፥ «ከሁለቱ አንዱን ምረጡ» ተባልን። ፊዚክስን የመረጠ ታሪክን ተሰናበተ፤ ታሪክን የመረጠ ኬሚስትሪን ተሰናበተ። ምርጫውም የዝንባሌ ብቻ አልነበረም፤ ጎበዝ የተባለው ወደ ናቹራል ይገፋል፥ የቀረው ወደ ሶሻል ይሄዳል የሚል ፍርድ በየቤቱና በየክፍሉ ሰፍኖ ኖሯል። መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት፥ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፥ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊና ሰብአዊ ጥናት እንዲመደቡ የሚል መመሪያ ይዞ ሠርቷል። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል መባሉን አንቃወምም። የምንቃወመው፥ እነዚያ ሰባዎቹና እነዚያ ሠላሳዎቹ አንድ ቀን እንኳ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለአንድ ሥራ ሳይቀመጡ ተመርቀው መውጣታቸውን ነው። ሒሳቡ መቶ ሞላ፤ ሥራው ግን ጎደለ።

ሌላውን ከመንቀፋችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ክረምት ከእኛ መካከል ሰባት የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ወርደን ነበር። የሄድንበትም ጉዳይ ማገዶ የሚቆጥብና ጭስ የሚቀንስ የእንጀራ ምድጃ ለመሥራት ነው። በወርክሾፕ ውስጥ ሦስት ወር ደክመንበታል። እንጨቱን በኪሎ መዝነን፥ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ለክተን፥ የጭሱን መውጫ ስፋት አስልተን፥ ከሦስት ጉልቻ ጋር ብናወዳድረው ግማሽ ያህል እንጨት ብቻ እንደሚበላ አረጋገጥን። በስድስት ቤቶች ስድስት ምድጃ ሠርተን፥ ፎቶግራፍ ተነሥተን፥ የሽማግሌዎቹን ምርቃት ተቀብለን በደስታ ተመለስን።

ለገና ዕረፍት ሥራችንን ለማየት ብንሄድ ከስድስቱ አራቱ ሥራ ፈትተው ቆይተዋል። በአንደኛው ላይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋበት አገኘናት። የቤቱ እመቤት እኛን ላለማሳፈር «ጥሩ ነው ልጆቼ፥ እግዜር ይስጥልኝ» አሉን። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን እውነቱን አወጡት። «እኔኮ እንጀራ የምጋግረው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ይህ የእናንተ ምድጃ የቆመ ሰው ምድጃ ነው። ቆሜ ስጋግርበት ወገቤ ተቆረጠ። የልጄንም ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ እያጫወትኩ ነበር የምጋግረው፤ አሁን ቆሜ እርሷን ማን ይያዝልኝ?» ጎረቤታቸውም ቀበል አድርገው «ጭሱስ ቢሆን፥ ዓይን ያጠፋል እንጂ የጣራውን ሣር ከተባይ ይጠብቅልን ነበር» ሲሉ ጨመሩበት። የምንመልሰው አጣን። ሙቀትን ለክተናል፤ የበርጩማውን ቁመት ግን አልለካንም። ጭስን ጠላት አድርገን ነበር፤ ለጣራው ዘበኛ መሆኑን ግን ማንም አልነገረን፥ እኛም አልጠየቅንም።

ይበልጥ ያሳፈረን ከተመለስን በኋላ ያገኘነው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሶሻል ተማሪዎች በዚያው ቀበሌ ስለ ሴቶች የሥራ ጫና 90 ገጽ ያህል ጥናት ጽፈው በቤተ መጻሕፍታችን አስቀምጠው ኖሯል። ሴቶቹ ሲጋግሩ እንዴት እንደሚቀመጡ፥ ጋገራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፥ በዚያ ጊዜ ሕፃን ማን እንደሚይዝ፥ ሁሉም በውስጡ ተጽፏል። እኛ አላነበብነውም፤ ጸሐፊዎቹም ምድጃ ሠሪ ያነበዋል ብለው አላሰቡም። የጥናቱ መደምደሚያ ምን ይላል? «ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል።» እንግዲህ ያወቀው አልሠራም፤ የሠራው አላወቀም። የስድስት ምድጃ ሲሚንቶና የ90 ገጽ ወረቀት በከንቱ ቀረ። በመካከሉም እናቲቱ እንደ ጥንቱ በሦስት ጉልቻ ላይ ዓይናቸውን እያሹ ይጋግራሉ።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የጎደለው ነገር ስም አለው። ዲዛይን ይባላል፤ በአገርኛ ንድፍ እንለዋለን። ስሙን ስንጠራ ብዙዎች ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን፤ ዲዛይን ሲባል የቀሚስ ጥልፍ፥ የሠርግ ካርድና የሱቅ ማስታወቂያ ብቻ ይመስላቸዋልና። እነዚህም የንድፍ ሥራዎች ናቸው፤ አንንቃቸውም። ነገሩ ግን ከዚህ ይሰፋል። አሜሪካዊው ሊቅ ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1969 ሰው ሠራሽ ስለሆኑ ነገሮች ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ የተፈጥሮ ሳይንስ ነገሮች እንዴት እንደሆኑ ይመረምራል፤ ንድፍ ግን ነገሮች እንዴት ሊሆኑ እንደሚገባቸው ይጠይቃል። «ሊሆኑ ይገባል» በተባለ ጊዜ ደግሞ ለማን? በምን ዋጋ? በማን ፈቃድ? የሚል ጥያቄ ይከተላል። ይህን ጥያቄ ቴርሞሜትር አይመልሰውም፤ ታሪክን፥ ልማድን፥ ቋንቋንና ሥነ ምግባርን ያጠና ሰው ይፈልጋል። መልሱም በንግግር ብቻ አያበቃም፤ ሲሚንቶና ብረት፥ ልክና ሒሳብ ይፈልጋል። ስለዚህ ንድፍ የሁለቱም ወገን ነው። አንዱ ወገን ብቻዬን ልያዘው ቢል እኛ የደረሰብን ይደርስበታል።

ደግሞም የሚቻል መሆኑን በአገራችን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በክፍልፋይ እየተቀረጸ የሚገጣጠም ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ እንጀራው ሲጋገር በኋላው በኩል የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ወጥ ያበስላል። ትንንሽ አምራቾች በየአካባቢያቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ይህን ምድጃ ከመሥራት በፊት ሙቀትን ማወቅ ብቻ አልበቃም፤ እንጀራና ወጥ በአንድ ቤት እንዴት እንደሚሠሩ፥ ሲሚንቶ ለዋጩ ሰው ምን ዐቅም እንዳለው፥ ገዢው ምን ያህል እንደሚከፍል ማወቅ ግድ ነበር።

የሁለቱ ወገኖች መራራቅ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። እንግሊዛዊው ሲ. ፒ. ስኖ፥ ሳይንስም የተማረ ልብ ወለድም የጻፈ ሰው፥ እ.ኤ.አ. በ1959 በኬምብሪጅ ባደረገው ንግግር የሳይንስ ሊቃውንትና የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት እንደማይደማመጡ ገልጦ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር የተከፈተው ባውሃውስ ሠዓሊውንና የእጅ ባለሙያውን በአንድ ወርክሾፕ አገናኝቶ አስተምሯል፤ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ተዘጋ። ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1968 በኡልም ከተማ የቆየው የንድፍ ትምህርት ቤት ሥዕልና ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ሒሳብንና ሶሲዮሎጂንም ለተማሪዎቹ ይሰጥ ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ብሩስ አርቸር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ንድፍ ከሳይንስና ከሰብአዊ ጥናት ጎን ሦስተኛ የትምህርት ዘርፍ ሊሆን ይገባዋል ብሎ ተከራክሯል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የሕንድ ምሳሌ ነው። ሕንድ ከቅኝ ግዛት ነፃ በወጣች በ11ኛው ዓመት፥ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1958፥ ቻርልስና ሬይ ኢምዝ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ነዳፊዎች በመንግሥቱ ግብዣ አገሪቱን ዞረው ሪፖርት አቀረቡ። እነዚህ ሰዎች ለምሳሌ ያነሡት አውሮፕላን ወይም መኪና አልነበረም፤ ሎታ የተባለውን ተራ የውሃ ዕቃ ነበር። በራስ ላይ ነው ወይስ በወገብ የሚያዘው? ሲሞላና ሲጎድል ሚዛኑ እንዴት ነው? ለእጅ ይመቻል ወይ? ሲቀዳበት እንዴት ይፈስሳል? ዋጋውስ? እያሉ ጠየቁ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1961 በአህመዳባድ ከተማ የሕንድ ብሔራዊ የንድፍ ተቋም ተመሠረተ። ድሃ አገር ነበረች፤ ሕዝቧም ብዙ ነበር። ቅንጦት ነው ብላ አላሳደረችውም።

እኛስ እንስራና ጀበና የለንምን? «ንድፍ የፈረንጅ ፋሽን ነው» የሚሉን ወንድሞች እስቲ ወደ አንድ ብራና ጸሐፊ ቤት ይሂዱ። ሰውዬው ቆዳውን ነክሮ፥ ወጥሮ፥ ፍቆ ያዘጋጃል፤ ይህ የኬሚስትሪና የቁሳቁስ ዕውቀት ነው። በወስፌ እየወጋ መስመሩን ያሰምራል፤ ይህ ጂኦሜትሪ ነው። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ይቀምማል፤ ቀዩን ለቅዱሳን ስም ይለየዋል። መጽሐፉ ድጓ ከሆነ ከቃሉ በላይ ለዜማው ምልክት ቦታ ይተዋል፤ ዘማሪው እንዴት እንደሚያነብ ያውቃልና። ይህን ሰው ናቹራል እንበለው ወይስ ሶሻል? እርሱ ራሱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም። አጥሩን ያጠርነው እኛ ዘመናዊ ትምህርት የቀመስነው ነን።

የዚህን አጥር ጠንቅ በፊደላችን ላይ አይተነዋል። የግዕዝ ፊደል በማተሚያ ቤት ከታተመ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በሮም ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ግን ችግር ተፈጠረ። መኪናው ለላቲን ፊደል የተሠራ፥ ቁልፉም ከ50 የማይበልጥ ነበር፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ዲቃሎቹን ሳይጨምር 33 ጊዜ 7፥ ማለትም 231 ነው። በዚያን ጊዜ ከመፍትሔዎቹ አንዱ ምን ነበር? ፊደሉ ይቀነስ፥ ቅርጹም ለመኪናው እንዲመች ይለወጥ የሚል ነበር። ሰውን ለመኪና ማስገበር ማለት ይህ ነው። ሌሎች ደግሞ መኪናው አይነካ ሳይሉ፥ ፊደሉም ይጥፋ ሳይሉ፥ ቁልፉን ከፊደሉ ጋር ለማስታረቅ ደከሙ። ዘመኑ ተለውጦ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል 384 ቦታ ተሰጥቶት በዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ማንም ተማሪ በእጅ ስልኩ ያለ ችግር ይጽፍበታል። ይህን የሠሩት ሰዎች የሰባቱን ቤቶች ሥርዓት የማያውቁ መሐንዲሶች፥ ወይም የኮምፒውተርን አሠራር የማያውቁ የቋንቋ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አይሳካም ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች ስለተገናኙ ፊደላችን ተረፈ።

እንዲሁም ወደ ከተማ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በአዲስ አበባ በስፋት የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለብዙ ሺህ ቤተሰብ መጠለያ ሰጥተዋል፤ ይህን ውለታ አንክድም። ነዳፊዎቹም እንጀራ የሚጋገርበት፥ በግ የሚታረድበት፥ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ መጠቀሚያ ቤት በየግቢው ማሰባቸው ያስመሰግናል፤ ይህ ሐሳብ ከሒሳብ ብቻ አይመጣም፤ የሕዝቡን ኑሮ ያየ ሰው ሐሳብ ነው። ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ሊጥ የሞላ ባልዲ ይዛ በደረጃ ወርዳ፥ ጋግራ፥ የሞላ መሶብ ተሸክማ መውጣት እንዳለባት ያሰበ ማነው? ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑ የት ይተከላል? አስከሬኑ በየትኛው ደረጃ ይወርዳል? ዕድርተኛውስ የት ይቀመጣል? ምሰሶው ስንት ኩንታል እንደሚሸከም ያሰላነውን ያህል እነዚህን ብንጠይቅ ኖሮ ሲሚንቶው አይጨምርም ነበር፤ ኑሮው ግን ይሻሻል ነበር።

አሁን ለሚቃወሙን ወገኖች መልስ እንስጥ። «አገሪቱ ድሃ ናት፥ ዲዛይን የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ የምንለው ተቃራኒውን ነው። ሀብታም ያልበጀውን ዕቃ ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ ድሃ ግን ሁለት ጊዜ መግዛት አይችልም። ስለዚህ ዕቃው ገና ሳይሠራ በሚገባ መታሰብ ያለበት ለድሃው ነው። ከስድስቱ ምድጃዎች ጋር የባከነው ሲሚንቶ የማን ገንዘብ ነበር?

«ሁሉን ላውቅ ያለ አንዱንም አያውቅም» የሚሉም አሉ። በዚህ ላይ ከእነርሱ ጋር እንስማማለን። መሐንዲሱ ባለቅኔ ይሁን፥ የታሪክ ተማሪውም ብረት ይበይድ አላልንም። ድልድይ የሚቆመው ሁለቱ ዳርቻ ጽኑ ሲሆን ነው። ነገር ግን ዳርቻው ጽኑ ስለሆነ ብቻ ወንዙ አይሻገሩትም። ንድፍ የራሱ ሙያ አለው፤ ሥሎ ማሳየት፥ በጭቃና በካርቶን ሞዴል መሥራት፥ ለሚጠቀምበት ሰው ሰጥቶ ማየት፥ ሲሰበር እንደገና መጀመር። ይህ ሙያ ከሁለቱም ወገን የሚመጣውን ዕውቀት ወደ አንድ ዕቃ ይለውጠዋል።

ለሶሻል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ነገር ሳንነግራቸው አናልፍም። እናንተ በመተቸት የተካናችሁ ናችሁ፤ መንገዱ ተበላሸ፥ ሕንጻው ጎረበጠ፥ ልማት ሰውን ረሳ እያላችሁ ትጽፋላችሁ፥ እውነታችሁንም ነው። ነገር ግን እጁን ያላቆሸሸ ተቺ ኃላፊነት የለበትም። «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ በርጩማው ይህን ያህል ቁመት አለው፥ ምድጃውም ከዚህ አይብለጥ ብሎ መወሰን ግን ከባድ ነው። ኑና ከእኛ ጋር ተሳሳቱ።

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን ሆይ፥ ለእናንተም እንናገራለን። ከመካከላችን አንዱ የመመረቂያ ሥራውን ከሶሻል ተማሪ ጋር አብሮ ልሥራ ብሎ ሲጠይቅ «ነጥቡን ማን ይሞላል? በየትኛው ፎርም ላይ?» ተብሎ ተመለሰ። ጥያቄው የፎርም ሆነ። ፎርም ግን ከሰማይ አልወረደም፤ ሰው የነደፈው ነው፤ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፥ የመመረቂያ ሥራ ከሁለቱም ወገን በተውጣጡ ተማሪዎች በጋራ እንዲሠራና ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ መምህር እንዲመራው ይፈቀድ። ሁለተኛ፥ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ፥ መስካቸው ምንም ይሁን ምን፥ የአንድ ሴሚስተር የንድፍ ትምህርት በእጅ ሥራ ጭምር ይሰጥ። ሦስተኛ፥ የወርክሾፑ በር ለቴክኖሎጂ ተማሪ ብቻ የሚከፈት መሆኑ ይቅር። አራተኛ፥ በቤተ መጻሕፍቱ ያሉት የተማሪዎች ጥናቶችና የምህንድስና ሥዕሎች በየመስካቸው ብቻ ሳይሆን በየወረዳቸውና በየቀበሌያቸው ይመዝገቡ፤ ወደ አንድ ቀበሌ የሚሄድ ተማሪ ስለዚያ ቀበሌ የተጻፈውንና የተሠራውን በአንድ መዝገብ ያግኘው። ይህ አራተኛው ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም፤ አንድ መዝገብና አንድ ትጉ ሰው ይበቃዋል። ለዚህም ከእኛ መካከል ሦስት ሰዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ለመሥራት ስማቸውን ሰጥተዋል።

መልስ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። በሚመጣው ክረምት ወደዚያው ቀበሌ እንመለሳለን። በዚህ ጊዜ ግን አራት ከዚህ፥ አራት ከዚያ ሆነን ነው። ሜትራችንን ይዘን እንሄዳለን፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን አንዳች ነገር አንሠራም፤ በርጩማው አጠገብ ተቀምጠን ሲጋገር እናያለን፥ እንጠይቃለን፥ እንጽፋለን። የጣራውንም ሣር ጭስ ሳይኖር ከተባይ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንመክራለን። ከዚያ በኋላ ነው ጭቃ የምናቦካው። አብሮን ሊሄድ የሚፈልግ ከሁለቱም ሕዝቦች በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፤ ከሶሻል እስካሁን የተመዘገበው አንድ ሰው ብቻ ነው፥ ሦስት ይቀራል።

እናቲቱ ሲሸኙን «ዶሮዋ እስክትፈለፍል አላነሣትም፤ እናንተ ስትመለሱ ግን ምድጃውን ዝቅ አድርጋችሁ ትሠሩልኛላችሁ» ብለውናል። ቃል ገብተንላቸዋል።